ሒሳቡ በአደባባይ ሲነበብ፦ በነዋሪዎች የሚመራ ልማት ምንድን ነው?

በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ በራጃስታን ግዛት፣ ኮት ኪራና በምትባል መንደር እ.አ.አ. በ1994 መገባደጃ ላይ ነዋሪዎች ለወትሮው ላልተለመደ ስብሰባ ተጠሩ። የሚመረቅ ሕንፃ አልነበረም። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣንም አልመጣም። የሆነው ነገር እጅግ ቀላል ነው፤ ለመንደሪቱ የሕዝብ ሥራዎች ወጣ የተባለው ገንዘብ ዝርዝር ጮክ ተብሎ ተነበበ። ማን ስንት ቀን ሠራ፣ ስንት ተከፈለው፣ የትኛው ግንባታ ተጠናቀቀ የሚለው መዝገብ ከቢሮ መሳቢያ ወጥቶ፣ በመዝገቡ ላይ ስማቸው በሰፈረው ሰዎች ጆሮ ገባ።

በዚያና በቀጣዮቹ ወራት በሌሎች መንደሮች በተካሄዱት ተመሳሳይ ሸንጎዎች የተሰማው ለመንደርተኛው ግማሽ ዜና፣ ግማሽ ማረጋገጫ ነበር። በደመወዝ መክፈያው ላይ የሞቱ ሰዎች ስም ተገኘ። ወደ ከተማ ከተሰደዱ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎች በቦታው ሠርተው እንደ ተከፈላቸው ተጽፏል። ገንዘባቸው ወጪ ሆኖ ግንባታቸው ግን የትም የማይታይ ሥራዎች ነበሩ። ነዋሪው ይህን ሁሉ ሲጠረጥር ኖሯል። የጎደለው ማስረጃው ብቻ ነበር፤ ማስረጃው ደግሞ በመንግሥት ምስጢርነት ተቆልፎ ቆይቷል።

ስለ «ግልጽ፣ አካታችና በአካባቢው ሕዝብ የሚመራ ዘላቂ ልማት» የሚነገረው ብዙ ነው። ሐረጉ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰነድ፣ በመንግሥታት ዕቅድ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ማመልከቻ ላይ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ የተሟጠጠ ይመስላል። ይሁንና እንደ ኮት ኪራና ያሉ አጋጣሚዎች ሐረጉ መሬት ላይ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያሉ። ጥያቄዎቹም ሦስት ናቸው፤ ሒሳቡ ለማን ይነበባል? ሲነበብ በስፍራው የሚገኘው ማን ነው? የሰማው ሰው «አይሆንም» ቢል ውሳኔው ይለወጣል?

የቃላቱ አመጣጥ

«ዘላቂ ልማት» የሚለው አነጋገር በዓለም ዙሪያ የታወቀው እ.አ.አ. በ1987 በቀድሞዋ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ ነው። የአሁኑን ትውልድ ፍላጎት ሲያሟላ መጪው ትውልድ የራሱን ፍላጎት የማሟላት አቅም የማይነጥቅ ልማት ሲል ይተረጉመዋል። ከ5 ዓመት በኋላ በሪዮ ዲ ጄኔሮ የተሰበሰቡት መንግሥታት በመግለጫቸው 10ኛ መርሕ ላይ የአካባቢ ጉዳዮች የተሻለ መፍትሔ የሚያገኙት የሚመለከታቸው ዜጎች ሲሳተፉ፣ መረጃ ሲያገኙና ፍትሕ የሚጠይቁበት መንገድ ሲኖራቸው መሆኑን ተቀበሉ። በ2005 በፓሪስ ለጋሾች የልማቱ ባለቤት ተቀባዩ አገር መሆኑን በጽሑፍ አረጋገጡ። በ2015 የጸደቁት 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦችም በ16ኛው ሥር ተጠያቂ ተቋማትንና አሳታፊ የውሳኔ አሰጣጥን አካትተዋል።

ወረቀቱ እንግዲህ አልጎደለም። የኢትዮጵያም ሕግ ቢሆን በዚህ ረገድ ዝም ያለ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የማድረግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተያዘ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይገልጻል፤ አፈጻጸሙን የመከታተል ኃላፊነት የተጣለውም በእንባ ጠባቂ ተቋም ላይ ነው። ይህን መብቱን ተጠቅሞ የቀበሌውን የመንገድ ሥራ ሒሳብ በጽሑፍ የጠየቀ ሰው ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ሕጉ በወጣበትና ሰው በሚኖርበት መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት ወደ ራጃስታን መመለስ ይጠቅማል።

«ገንዘባችን፣ ሒሳባችን»

የራጃስታኑ እንቅስቃሴ የተነሣው ከደመወዝ ጥያቄ ነው። በድርቅ በሚጠቃው በማዕከላዊ ራጃስታን መንግሥት መንገድና ኩሬ እያስቆፈረ ለድኾች የዕለት ሥራ ይሰጥ ነበር። ሠራተኞቹ፣ አብዛኛዎቹም ሴቶች፣ በሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ይከፈላቸዋል። ሲጠይቁ «መዝገቡ የሚያሳየው በቂ ሥራ እንዳልሠራችሁ ነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። «እንግዲያውስ መዝገቡን አሳዩን» ሲሉ ደግሞ ምስጢር ነው ይባላሉ። ለዚህ የሚጠቀሰው ሕግ የቅኝ ገዢዎቹ እንግሊዞች በ1923 ያወጡት የምስጢር ጥበቃ ሕግ ነበር።

በ1987 ከፍተኛ የመንግሥት ሥራዋን ከዓመታት በፊት የተወችው አሩና ሮይ፣ ከኒኪል ዴይና ከሻንካር ሲንግ ጋር ዴቭዱንግሪ በተባለች መንደር የጭቃ ቤት ውስጥ መኖር ጀመሩ። ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው በ1990 የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል ማኅበር ሊባል የሚችለውን «ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን» መሠረቱ። ማኅበሩ ያመጣው አዲስ ነገር «ጃን ሱንዋይ» ወይም የሕዝብ ሸንጎ ነው። መጀመሪያ ሰነዶቹ የተገኙት በቀና ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ እንጂ በመብት አልነበረም፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ ባለሥልጣኑ ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። ስለዚህ ጥያቄው «ይህን ሰነድ ስጡን» ከሚለው አልፎ «ሰነድ የማየት መብት በሕግ ይከበር» ወደሚለው አደገ። በ1996 በቤያዋር ከተማ ለ40 ቀናት በአደባባይ ተቀምጠው ጠየቁ። መፈክራቸው «ገንዘባችን፣ ሒሳባችን» ነበር። የከተማው ነጋዴና አትክልት ሻጭ እየመገበ አቆያቸው።

በ2000 ራጃስታን የመረጃ ነጻነት ሕግ አወጣች፤ በ2005 ሕጉ የመላው ሕንድ ሆነ። በዚያው ዓመት ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 የሥራ ቀናት ዋስትና የሰጠው ሕግ፣ ሥራዎቹ በመንደሩ ጉባኤ ፊት በማኅበራዊ ኦዲት እንዲመረመሩ አስገደደ። በብዙ መንደሮች የሠራተኞች ስም፣ የሥራ ቀንና ክፍያ በግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፍ ጀመር። ግድግዳ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የሚያነብለት ጎረቤት አያጣም፤ የጎረቤት ዓይን ደግሞ ከማንኛውም መርማሪ ይልቅ ማን በዚያ ሰሞን የት እንደነበረ ያውቃል።

ይህ ታሪክ በድል ብቻ የተሞላ አድርጎ ማቅረብ ልክ አይሆንም። መረጃ ጠያቂዎች በሕንድ ልዩ ልዩ ግዛቶች ተደብድበዋል፤ የተገደሉም አሉ። ለማኅበራዊ ኦዲት ራሱን የቻለ ተቋም በ2009 ባቋቋመችው በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት እንኳ፣ ተመዝብሮ ከተገኘው ገንዘብ ተመላሽ የሆነው ጥቂቱ ነው። ሌባን ማየትና ሌባን ማስከፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው ፍርድ ቤትና ፖሊስ ይፈልጋል፤ የመንደር ሸንጎ ብቻውን አይችለውም።

መረጃ ብቻውን ምን ያህል ይሄዳል?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኡጋንዳ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በናሙና የተመረጡ 250 ትምህርት ቤቶችን ተዘዋውረው መዝገብ አመሳከሩ። እ.አ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ማዕከላዊው መንግሥት ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመደበው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ውስጥ ትምህርት ቤቶች የደረሳቸው በአማካይ 13 በመቶው ነበር። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ምንም አልደረሳቸውም፤ ገንዘቡ በመንገድ፣ በአውራጃ ቢሮዎች ቀርቷል። መንግሥት ከዚህ በኋላ ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በበራቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 ከገንዘቡ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ይደርስ ነበር።

ውጤቱ አስደናቂ በመሆኑ ለዓመታት «ጋዜጣ ሙስናን አሸነፈ» ተብሎ ተነገረ። ኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ታሪኩን አቀዘቀዙት። በዚያው ሰሞን ኡጋንዳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያን አንሥታለች፤ የበጀት አላላኩ ሥርዓትም ተለውጧል፤ የለጋሾች ክትትል በርትቷል። ጋዜጣው ድርሻ ነበረው፣ ብቸኛው ምክንያት ግን አልነበረም። ዛሬ መረጃን በድረ ገጽ መጫን የግልጽነት መጀመሪያና መጨረሻ አድርገው ለሚያዩ ሁሉ ይህ እርማት ከመጀመሪያው ዜና ይልቅ ይጠቅማል። የተለጠፈ ወረቀት ኃይል የሚኖረው ያነበበው ወላጅ የሚሄድበት ቢሮ፣ ቢሮውም የሚፈራው አለቃ ሲኖረው ነው።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዳለች። ከ1989 ጀምሮ የከተማዋ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የኢንቨስትመንት በጀቱ የት እንደሚውል ይወስኑ ነበር። ክፍፍሉ በድምፅ ብዛት ብቻ አልተመራም፤ አገልግሎት በጣም የጎደለው ሰፈር ተጨማሪ ነጥብ ያገኝ ነበር። በ1988 ከቤተሰቦች 75 በመቶው የነበረው የውኃና የፍሳሽ መስመር ተጠቃሚነት በ1997 ወደ 98 በመቶ ደረሰ። ጉባኤዎቹን የጀመረው ፓርቲ በ2004 ምርጫ ተሸነፈ፤ ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ እየደከመ ሄዶ በ2017 ታገደ። ከገዢዎች በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ተሳትፎ ገዢዎቹ ሲለወጡ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከወላይታ ኮረብታዎች

በኢትዮጵያ ደግሞ ስለ መሬትና ስለ እምነት የሚናገር ጉዳይ አለ። በወላይታ ዞን፣ ሁምቦ ወረዳ፣ በአንድ ወቅት በደን ተሸፍነው የነበሩ ተራሮች ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ተራቁተው ነበር። ዝናብ ሲጥል ጎርፍና ደለል ወደ ታች ማሳዎች ይወርዳል፤ ምንጮች ይደርቃሉ። በ2006 ወርልድ ቪዥን ከነዋሪዎቹ ጋር መነጋገር ሲጀምር ያቀረበው ሐሳብ ችግኝ ተከላ ላይ ያተኮረ አልነበረም። ከመሬት በታች ሕይወት ያላቸው ጉቶዎችና ሥሮች ስላሉ፣ ቦታውን ከግጦሽ ከልሎ፣ ከሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች ጠንካሮቹን መርጦ ሌሎቹን መግረዝ ደኑን ይመልሰዋል የሚል ነው። ዘዴው ቀደም ሲል በኒጀር በሰፊው የተሠራበት ሲሆን ዋጋውም ከችግኝ ተከላ እጅግ ያነሰ ነው።

እንቅፋቱ ከግብርና ዘዴው አልመጣም። ነዋሪዎቹ መሬቱ ሊነጠቅብን ነው ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የመሬት ሥሪት በንጉሡ፣ በደርግና በኢሕአዴግ ዘመን ሲለዋወጥ ያየ ገበሬ «ደኑ የእናንተ ነው» የሚል እንግዳን ወዲያው ቢያምን ነበር የሚገርመው። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የወሰደው ውይይቱ ነው። በመጨረሻ ነዋሪዎቹ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ፤ ማኅበራቱም የደኑ ተጠቃሚነት መብታቸው በሰነድ ተረጋገጠላቸው። የትኛው ቦታ ይከለል፣ ሣር መቼ ይታጨድ፣ ደረቅ እንጨት ማን ይልቀም፣ ደንብ የጣሰ ምን ይቀጣ የሚለውን ራሳቸው ወሰኑ።

የተከለለው መሬት 2,728 ሄክታር ነው። ፕሮጀክቱ በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት የዚህ ዓይነት የደን ፕሮጀክቶችም አንዱ ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስቀር ተገምቷል፤ ከዚህም 165 ሺህ ቶን ያህሉን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለማኅበራቱ ደርሶ የእህል ወፍጮና የእህል ማከማቻ ቤት ተሠርቶበታል። በውጭ ሆኖ ለሚያይ ዋናው ዜና ካርቦኑ ነው፤ ለነዋሪው ግን ሣሩ ቀድሞ መጣ። ከብት የማይገባበት ቦታ በዓመት ውስጥ ታጭዶ የሚወሰድ መኖ ማብቀሉ፣ የካርቦን ክፍያ ገና ድርድር ላይ ሳለ ሰዎችን አሳምኗል።

ሁምቦ የሚያስተምረው ነገር ካለ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የመብቱ ሰነድ ቀደመ፤ ደኑ ተከተለ። በሌሎች ብዙ ቦታዎች በዘመቻ የተተከለ ችግኝ ባለቤት አጥቶ የሚደርቀው፣ መጀመሪያ ችግኙ ተተክሎ የማን እንደሆነ ኋላ ስለሚጠየቅ ነው።

«የአካባቢ» ሁሉ «የሁሉም» አይደለም

በነዋሪ ይመራል ማለት ሁሉንም ነዋሪ ያካትታል ማለት እንዳልሆነ የመንዝ ጓሳ ታሪክ ያስረዳል። በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ለመንዝ ሰው ደግሞ የቤት ክዳን፣ የገመድና የመኖ ምንጭ ነው። ሜዳው በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ተጀመረ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ነዋሪዎቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ደንብ የጣሰ ከባድ ቅጣት ይደርስበታል። ያለ ደመወዝተኛ ጠባቂ ለዘመናት የቆየ ጥበቃ ነው።

ሆኖም የመጠቀም መብት የነበራቸው ከቀደምት አቅኚዎቹ የትውልድ ሐረግ የሚቆጥሩ ባለ ርስቶች ብቻ ነበሩ። ሐረግ የሌለው ሰው ሜዳውን እያየ ይኖራል እንጂ አያጭድም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ሥርዓቱ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። አዋጁ ሐረግ ለሌላቸው በሩን ሲከፍት ለሜዳው ግን ጠባቂ አሳጣው፤ አጨዳው፣ ግጦሹና እርሻው ያለ ልክ ገፋ። ነዋሪዎቹ ኋላ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን አድሰው፣ ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይታወቃል። ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ አሮጌው ሥርዓት ሜዳውን ጠብቋል፣ አሮጌው ሥርዓት ጎረቤትን አግልሏል። የአገር በቀል ዕውቀትን የሚያወድሱ ጽሑፎች የመጀመሪያውን ብቻ ሲጽፉ ይስተዋላል።

በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ፈተና ገጥሞታል። የምግብ ዋስትና የሌለው ማን እንደሆነ የሚለዩት ከቀበሌና ከጎጥ የተመረጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል፤ ቅር የተሰኘ ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። በሐሳብ ደረጃ ከማንኛውም የቢሮ መለኪያ የተሻለ ነው፤ ማን በሬ እንደሌለው ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለምና። በተግባር ግን ኮታው ከድኻው ቁጥር ሲያንስ፣ ሽማግሌዎች ጎረቤትን ከማስቀየም ድርሻውን አሳንሰው ለብዙ ሰው ማካፈልን የመረጡባቸው ቦታዎች አሉ። የሰፈር ይሉኝታ ፍትሕ መስሎ ይታያል፤ ከፍተኛ ችግር ያለባት ባልቴት ግን ለዓመቱ የማይበቃ እህል ይዛ ትገባለች። አቤቱታ ሰሚው ከመራጩ ኮሚቴ ጋር አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከነጭራሹ ይዘጋል።

ለዚህ የተሻለ መልስ የሰጠው በማኅበራዊ ተጠያቂነት መርሐ ግብር የተሠራበት የነጥብ መስጫ ዘዴ ነው። መርሐ ግብሩ በሁለተኛ ምዕራፉ ከ200 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ለየብቻ ተቀምጠው ለጤና ጣቢያው፣ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለውኃው አገልግሎት ነጥብ ይሰጣሉ። አገልግሎት ሰጪውም ለራሱ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኝተው በጋራ የሥራ ዕቅድ ያወጣሉ። ቁልፉ «ለየብቻ» የሚለው ቃል ነው። ባሏና አማቷ ባሉበት ስብሰባ ስለ ወሊድ አገልግሎት ደፍራ የማትናገር ሴት፣ ከእኩዮቿ ጋር ስትሆን ትናገራለች።

ገንዘቡ ከላይ ሲመጣ

በነዋሪ የሚመራ ልማት ትልቁ ተፃራሪ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን የሒሳብ አያያዝ ነው። በ2016 በኢስታንቡል ትልልቅ ለጋሾችና የረድኤት ድርጅቶች ከሰብዓዊ ዕርዳታ ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥ ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማሙ። የጊዜ ገደቡ 2020 ነበር፤ አልተሳካም። የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅትም በ2021 ተመሳሳይ የ25 በመቶ ግብ አስቀምጦ ከ10 በመቶ ገደማ ሳያልፍ ቀረ። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ድርጅቱን ዘጋው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የለጋሽ አገር መሥሪያ ቤት ተጠያቂነቱ ለራሱ ምክር ቤትና ለራሱ ኦዲተር ነው። ኦዲተሩ የሚፈልገውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነ ቅጽ፣ በተወሰነ ቀን ማቅረብ የሚችለው ትልቅ ድርጅት ነው። ትንሹ የወረዳ ማኅበር ሥራውን ያውቀዋል፣ ቅጹን አያውቀውም፤ ስለዚህ የትልቁ ድርጅት ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ይቀራል። ሥራውን ይሠራል፣ ዕቅዱን ግን አይነካም። የፕሮጀክቱ ዘመን 3 ዓመት ሲሆን በ3ኛው ዓመት ሁሉም ተጠቃልሎ ይወጣል። ከሰሃራ በታች ባሉ 20 አገሮች የተሰበሰበና በ2009 የታተመ መረጃ በእጅ ከሚሠሩት የውኃ ፓምፖች ከ3ቱ 1 ገደማው የማይሠራ መሆኑን ያሳየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲመረቁ ሁሉም ይሠሩ ነበር። መለዋወጫ የሚገዛው ማን ነው፣ በየትኛው መዋጮ የሚለው ጥያቄ ነው ያልተመረቀው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ላይ የሕግ ገደብም ታክሎበት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። አንድ ማኅበር ጉድጓድ መቆፈር ይችላል፣ የጉድጓዱ በጀት የት ገባ ብሎ ማስጠየቅ ግን ያስቸግረዋል እንደ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ገደቡ ተነሣ።

መዋጮ፣ ዕድርና ዳያስፖራ

ለኢትዮጵያውያን የሒሳብ ንባብ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ጸሐፊው ገቢና ወጪውን በስብሰባ ያነብባል፤ ድንኳኑና ሰሐኑ ሳይቀር ተቆጥሮ ይመዘገባል። የቀረ ይቀጣል። ዕድር የለጋሽ ሥልጠና አልወሰደም፤ ያዋጣው ሰው ፊት ለፊት ስለ ተቀመጠ ብቻ ነው ሒሳቡ የሚነበበው።

ይህ ልማድ ከቀብር አልፎ መንገድ ሠርቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ከከተማ ነጋዴውም ከገጠሩ ቤተሰብም መዋጮ እየሰበሰቡ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር የትውልድ አካባቢያቸውን ከዋና ከተማዋ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። በሃይማኖትና በጎሣ የሚለያዩ ቤቶች ለአንድ መንገድ አዋጡ። ከተሜው ገንዘብ ስላለው ብቻ አልወሰነም፤ በየአካባቢው የነበሩት ተወካዮች የመዋጮው ሰብሳቢም የሥራው ተከታታይም ነበሩ።

ያኔ ከተሜው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት፣ በሪያድና በቴል አቪቭ የሚኖረው ተቀምጧል። በ2018 በቀን አንድ ዶላር እንዲዋጣ በቀረበው ጥሪ መነሻነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ በአሜሪካ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ በመመዝገብ ፕሮጀክቶችን በማመልከቻ እያወዳደረ ደግፏል። ከእርሱ ውጭ በመንደር፣ በትምህርት ቤትና በአጥቢያ ስም የሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታመነው በስልክ በሚላክ ፎቶግራፍ ነው፦ ጣሪያው የተመታ ክፍል፣ ደብተር የያዙ ልጆች። ፎቶግራፍ ግድግዳውን ያሳያል፣ ደረሰኙን አያሳይም። ለላኪው ብቻ የሚላክ ሪፖርትም በራጃስታን ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ከነበረው መዝገብ የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ በስሙ ገንዘብ የተሰበሰበለት የመንደሩ ሰው አላየውምና። ወጪው በትምህርት ቤቱ በር ላይ በአካባቢው ቋንቋ እንዲለጠፍ፣ ሒሳቡም በወላጆች ስብሰባ እንዲነበብ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም። አንዳንዴ ግን ወዳጅነት ያሳጣል፤ ኮሚቴው ውስጥ ያለው የአጎት ልጅ ሲሆን ጥያቄው እንደ ስድብ ይቆጠራል።

የራጃስታንም ጉዳይ አልተዘጋም። በ2019 ግዛቲቱ የሕዝብ መረጃን ሰው ሳይጠይቅ በኢንተርኔት የሚያሳይ ሥርዓት ጀመረች፤ የዘመናት ጥያቄ መልስ ነበር። በ2021 ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት የዕለት ሠራተኞች መገኘት በስልክ መተግበሪያ፣ በፎቶግራፍና በሰዓት እንዲመዘገብ ሥርዓት ዘረጋ፤ በ2023 መጀመሪያ አስገዳጅ አደረገው። ሙስናን ይከላከላል ተባለ። ኔትወርክ በማይደርስበት ኮረብታ ላይ ሲቆፍሩ የዋሉ ሴቶች ፎቶአቸው ባለመላኩ ብቻ እንዳልሠሩ ተቆጥሮ ደመወዝ አጡ። ከላይ ያለው ቢሮ ሠራተኛዋን በየሰዓቱ ያያታል። እርሷ ግን ስሟ ለምን እንደተሰረዘ የምትጠይቅበት ግድግዳ በዚያ መተግበሪያ ውስጥ የለም።